ጣሪያ የምትመስለው ምልክት

ልጆቻችን ኮምፒውተር ሲተዉልን ምልክቶቹን ማንበብ ሳያስተምሩን ይሄዳሉ። ጎረቤቴ ጋሼ የዘር ሐረጋቸውን ለልጅ ልጆቻቸው እየጻፉ ነው። ልጃቸው የጫነላቸው ናኖ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ በአብዛኛው በኪቦርድ ብቻ የሚታዘዝ። ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመር መመሪያ አለው። አንዱ ላይ ጣሪያ የምትመስል ምልክትና ኤክስ ፊደል ተጽፈው፣ አጠገባቸው በእንግሊዝኛ «መውጫ» ይላል።

ጋሼ ጣሪያዋን ከ6 ቁጥር በላይ ፈልገው አገኟት፤ ነኳት፤ ኤክስንም ነኩ። ሁለቱም ጽሑፋቸው መሀል ተጻፉ እንጂ መውጫው አልተከፈተም። «ባጠፋው 9 ገጽ ይጠፋብኛል» ብለው እንደበራ ትተውት እኔ ዘንድ መጡ።

ጣሪያዋ የምትነካ ቁልፍ አይደለችም፤ «ኮንትሮል» የሚለው ቃል ምትክ ናት። ኮንትሮልን ተጭነው ሳይለቁ ኤክስን መንካት ነው። ፊደሉ በትልቁ ቢጻፍም ሺፍት አያስፈልግም። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ ፕሮግራሙ ራሱ ይጠይቃል፤ ዋይን ይንኩ፣ የፋይሉን ስም አይተው ኤንተር ይበሉ።

ኤም ፊደልና ሰረዝ ካዩ ደግሞ «ሜታ» ማለት ነው። ሜታ በድሮ ኪቦርዶች ላይ የነበረ ቁልፍ ነው፤ ዛሬ ሥራውን የሚሠራው አልት ነው። በሌለ ቁልፍ ስም መመሪያ መስጠት እኔን አይገባኝም! ኢማክስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ኮንትሮል በሲ ፊደልና በሰረዝ ያሳያል።

ቦታ ለመቆጠብ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። እኛም በሥራ ዘመናችን ካርድ ላይ በቀን 3 ጊዜ ለማለት ቲ.ዲ.ኤስ. እንጽፍ ነበር። ለእናትየዋ ግን «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ብለን ነው መድኃኒቱን የምንሰጣት። አሕጽሮት ለባለሙያው ነው። የናኖ ነገር የሚያስቀው፣ የጣሪያዋን ትርጉም የሚነግረው ገጽ የሚከፈተው በራሷ በጣሪያዋና በጂ ፊደል መሆኑ ነው። ደግነቱ ኤፍ1 የሚለው ቁልፍም ይከፍተዋል።

ስለዚህ ልጆች፣ ለእናት አባታችሁ ፕሮግራም ስትጭኑ በወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉላቸው፤ «ለማስቀመጥ፦ ኮንትሮልን ተጭነው ሳይለቁ ኦን ይንኩ፤ ከዚያ ኤንተር።» ፊደሉን ጎላ አድርጉት፤ መነጽር ሁልጊዜ አጠገባችን አይገኝም።