ትንሿ ፕላዝማ

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፕላዝማ ጠበቀን። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውን ያንን ነገር የኔ ዕድሜ የሆናችሁ አትረሱትም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር እኩል ይለቀቃል። የቴሌቪዥኗ አስተማሪ ጥያቄ ትሰጥና ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ማንም ባይመልስም «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። (ስቀን ሳንጨርስ ቀጣዩም ያመልጠን ነበር።) የኛው የሒሳብ መምህር ጥግ ላይ ቆመው ግራ የገባው ፊታችንን ያያሉ። ማስቆም ግን አይችሉም።

ይሄን እያወቅኩ ያንኑ ስሕተት ደገምኩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ እዚህ ያለን ጓደኛሞች «አንድ ነገር እናድርግ» አልን። ሙያችን ሶፍትዌር ነው፤ ያው አፕ ሠራን። አጫጭር የሒሳብ ቪዲዮ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ። የስንት ወር ቅዳሜና እሑዳችንን በላው።

አገር ቤት ሒሳብ የምታስተምረው ታላቅ እህቴ አይታው ሳቀች።

«ይሄ እኮ ትንሿ ፕላዝማ ናት» አለችኝ።

«ይሄኛው ይቆማል እኮ!»

«ይቁም። ከቆመ በኋላ ልጁ ማንን ይጠይቅ?»

መልስ አልነበረኝም።

እሷ የምትጠቀመው ጂኦጀብራን ነው። ማርከስ ሆኸንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ፕሮግራም ነው፤ ለመምህር በነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ስልሳ ልጅ። የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍ ታወጣና ስላይደሩን ከመንካቷ በፊት «ኤ ከዜሮ ቢያንስ ግራፉ ምን ይሆናል?» ብላ ዝም ትላለች። አንዱ «ወደ ታች ይወርዳል» ይላል፣ ሌላው «ይገለበጣል»። ሰሌዳው ላይ ወጥተው እንዲስሉት ታደርጋለች። ከተከራከሩ በኋላ ነው ስላይደሩን የምትጎትተው፤ ፓራቦላው አፉን ወደ ታች ሲያዞር ክፍሉ ይጮኻል። የተሳሳተው ልጅ ለምን እንደተሳሳተ የምታየው እሷ ናት፤ ሲያስፈልግ ታቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ በአማርኛ ትደግመዋለች። የኛ አፕ «ተሳስተሃል» ብቻ ነበር የሚለው።

ቪዲዮ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ እኔም ማስተርሴን ስማር ያለ ዩቲዩብ አላልፍም ነበር። እኔ ግን መሠረቱ ነበረኝ፣ ኢንተርኔትም አይቆጠርብኝም።

አፑን ትተነዋል። ለሰርቨር የምናዋጣው ገንዘብ አሁን ለመምህራን ላፕቶፕ ነው የሚውለው። አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት አፕ እየሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የሒሳብ መምህር ጋ ደውሉ። እህቴ በቀደም የጠየቀችኝ ስለ ሶፍትዌር አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ፕሮጀክተር ስንት እንደሚሸጥ ነው።