ስለ ኦርኪድ አበባ፤ ከዘሩ አንሥቶ በብልቃጥ ውስጥ ስለ ማሳደግ

አበባ የሚወዱ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ ኦርኪድ የሚባለው ተክል በመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ አበባው ሁለትና ሦስት ወር ሳይረግፍ የሚቈይ፥ መልኩም ከሰም የተሠራ የሚመስል፥ በዛሬው ጊዜ ለሙሽራም ለታመመም ለተሾመም በስጦታ የሚቀርብ ነው። በዚህ ሳምንት ግን የምንጽፈው የተገዛውን ኦርኪድ ስለ መጠበቅ ሳይሆን ከዘሩ አንሥቶ በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ ነው። ነገሩን የሰሙ ብዙ ሰዎች፥ ይህ የሐኪም ቤት ሥራ ነው እንጂ የቤት እመቤት ሥራ አይደለም ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ጋኑን በግራዋ አሽቶ፥ በወይራ አጥኖ፥ አፉን መርጎ ጠላ የሚጠምቅ ቤት፥ የማይታይ ነገር ገብቶ መጠጡን እንዳያበላሽ መጠንቀቅን ከአያቶቹ ተምሯል። የኦርኪድም ብልቃጥ የሚፈልገው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው፤ ልዩነቱ ጥንቃቄው ጥቂት መጥበቁ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የዘሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባቄላን ብንሰነጥቅ በውስጡ ለሚወለደው ቡቃያ የተዘጋጀ ስንቅ እናገኛለን፤ እኛም የምንበላው ያንኑ ስንቅ ነው። የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ የለውም። ከዱቄት ብናኝ የማይሻል ደቃቅ ስለ ሆነ፥ ፍሬው በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ሰው ቢያስነጥስ ዘሩ ሁሉ ይበናል። ስንቁን የነሣው ፈጣሪ ቍጥሩን አብዝቶለታል። የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በአገሩ ሜዳ ከሚበቅል አንድ ኦርኪድ ፍሬ ውስጥ 6,200 የሚያህል ዘር ቈጠረ፤ ተክሊቱም 30 ፍሬ ስለ ነበራት ድምሩን 186,300 አደረሰው። ይህ ሁሉ ዘር ቢበቅልና ትውልዱ እንዲሁ ቢቀጥል፥ የአንዲቱ ተክል የልጅ ልጅ ልጆች የምድርን የብስ በሙሉ ሊያለብሱ ጥቂት ብቻ ይቀራቸዋል ብሎ አሰላ። በብራዚል አገር ይኖር የነበረው ፍሪትዝ ሙለር የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በአንዲት የማክሲላሪያ ፍሬ ውስጥ 1,756,440 ዘር መኖሩን አስታወቀ። ዳሩ ግን ምድር በኦርኪድ አልተሸፈነችም። ከዚያ ሁሉ አእላፍ አንድ ወይም ሁለት ቢበቅል ነው። ይህስ ስለ ምን ሆነ?

መልሱን ያገኘው ኖኤል ቤርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነው። በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፎንቴንብሎ ዱር ሲመላለስ፥ ቅጠል የለበሰ ብስባሽ ውስጥ የወደቀ የኦርኪድ ፍሬ አገኘ፤ ዘሮቹም በቅለው ነበር። በአጉሊ መነጽር ቢመለከታቸው በእያንዳንዱ ቡቃያ ውስጥ የፈንገስ ክር ተጠላልፎ አየ። እንግዲህ ስንቅ የሌለው ዘር የሚመገበው ከሌላ ነው፤ ክሩ ከብስባሹ ምግብ ያመጣለታል፥ ቡቃያውም ክሩን እየፈጨ ያድጋል። የሚስማማው ፈንገስ ያልደረሰለት ዘር ግን ደርቆ ይቀራል። ቤርናር ይህን ነገር እያስፋፋ ሳለ በ1911 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ዕድሜ ቢሰጠው ኖሮ ብዙ ሥራ በሠራ ነበር።

ከዚህ ግኝት በፊት የነበሩት አትክልተኞች ምክንያቱን ሳያውቁ መድኃኒቱን በግምት አግኝተውት ነበር። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ በቬች የአትክልት ቦታ ይሠራ የነበረው ጆን ዶሚኒ፥ ጆን ሃሪስ የተባለ ሐኪም ባስተማረው መሠረት ሁለት ዓይነት ኦርኪዶችን አዳቅሎ በ1856 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዲቃላ ኦርኪድ ለአበባ አበቃ። ዘሩንም የዘመኑ ሰዎች በእናቲቱ ተክል ሥር መበተን ይሻላል ይሉ ነበር፤ ፈንገሱ ከዚያ ሥር ይኖር ኖሯልና። ቢሆንም ብዙው ዘር ይጠፋ ስለ ነበር፥ ለአውሮፓ መኳንንት ቤት የሚሆነው ኦርኪድ ሁሉ ከዱር እየተነቀለ ይመጣ ነበር። አልበርት ሚሊካን የተባለው አዳኝ በ1891 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ በኮሎምቢያ አገር ዱር በሁለት ወር ውስጥ 10,000 የሚያህል ኦርኪድ ለመሰብሰብ 4,000 የሚያህል ዛፍ ማስቈረጡን ያለ ኀፍረት ይናገራል። በሳሎን ውስጥ ለሚቀመጥ ጌጥ ሲባል ይህን ያህል ዛፍ መጣሉን ያነበበ ሰው፥ ከዘር ማሳደግን እንደ ትርፍ ጨዋታ አይቈጥረውም።

ነገሩን ለሁሉም ቀላል ያደረገው በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረው ሉዊስ ነድሰን ነው። ፈንገሱ ለዘሩ የሚያመጣለት በዋናው ስኳር ከሆነ፥ ስኳሩን እኛ ብንሰጠውስ ብሎ አሰበ። በ1922 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ የኦርኪድ ዘር ከፈንገስ ጋራ ሳይገናኝ ስኳርና ጥቂት ጨዎች ባሉበት ማርጊያ ላይ እንደሚበቅል አስረዳ። በእንዲህ ያለ አኳኋን ያደገ ተክል ያብባል ወይ ለሚለውም ጥያቄ በ1930 ዓ.ም. አበባ የያዘ ተክል በማስረጃ አቀረበ። ይሁን እንጂ ስኳር ለኦርኪድ ብቻ የሚጣፍጥ አይደለም፤ በአየር ውስጥ የሚንሳፈፈው ሻጋታና ባክቴሪያ ሁሉ ይወደዋል፥ ከኦርኪዱም ይልቅ መቶ እጅ ይፈጥናል። ብልቃጡ ፈጽሞ ንጹሕ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው። ይህችን ነገር ያስተዋለ ሰው ከዚህ በታች የምንጽፈውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

ነድሰን በ1946 ዓ.ም. ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአንድ ሊትር በእንፋሎት በተጣራ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ናይትሬት 1 ግራም፥ አሞኒየም ሰልፌት 0.5 ግራም፥ ማግኒዚየም ሰልፌትና ፖታሲየም ፎስፌት እያንዳንዳቸው 0.25 ግራም፥ ከብረትና ከማንጋኒዝም እጅግ ጥቂት ይገባበታል፤ በዚህ ላይ ስኳር 20 ግራም ይጨመራል። ለማርጋት አጋር የሚባለውን ከባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ከ12 እስከ 15 ግራም ማግባት ይበቃል። ኮምጣጣነቱ በመለኪያ ወረቀት 5 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል፤ ከዚህ በጣም ከኮመጠጠ አጋሩ አይረጋም። መመዘኛ የሌለው ሰው ተመዝኖ የተዘጋጀውን ዱቄት ቢገዛ እንመክራለን፤ ሩብ ግራምን በማንኪያ መገመት አይቻልምና።

ብልቃጥ ስንል የግድ የቤተ ሙከራ ዕቃ ማለታችን አይደለም። አፉ ሰፊ የሆነ የማርማላታ ጠርሙስ፥ ክዳኑ ተበስቶ ቀዳዳው በጥጥ በጥብቅ ከተወተፈ ይበቃል፤ ጥጡ አየርን ያሳልፋል፥ ሻጋታን ያስቀራል። ምግቡ ትኩስ ሳለ ሁለት ጣት ያህል ይቀዳል፤ አፉ በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፈናል፤ ከዚያም በእንፋሎት ግፊት በሚያበስለው ድስት ውስጥ ይቀቀላል። እዚህ ላይ የደጋ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት በ15 ፓውንድ ግፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል የሚሉት፥ በባሕር ጠረፍ ድስቱ 121 ዲግሪ ስለሚደርስ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድስቱም በዚያው ግፊት ከ116 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ ማስረዘም ይገባል። እሳቱም ከጠፋ በኋላ ድስቱ በራሱ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን መንካት አይገባም፤ ቶሎ የተከፈተ እንደ ሆነ ምግቡ ገንፍሎ ጥጡን ያረጥባል፥ የረጠበ ጥጥም የሻጋታ መንገድ ነው። ሰውንም ያቃጥላል።

ዘሩን በሁለት መንገድ መዝራት ይቻላል። አንደኛው ፍሬው በስሎ ከተከፈተ በኋላ ደረቁን ዘር መዝራት ነው፤ ይህ ከሆነ ዘሩ ራሱ አየር ስለ ነካው፥ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበርዞ፥ ጠብታ ሳሙና ተጨምሮበት፥ ለ10 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ቀጥሎም ተቀቅሎ በበረደ ውሃ ይለቀለቃል። ሁለተኛው፥ ለጀማሪም የምንመርጠው፥ ፍሬው ሳይከፈት ገና አረንጓዴ ሳለ መቍረጥ ነው። በገበያ የሚገኘው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪድ፥ የአበባውን ጽጌ ብናኝ ጓል በስንጥር አንሥተው በሌላይቱ አበባ መካከል ባለው ሙጫማ ጉድጓድ ላይ ቢለጥፉት፥ አበባው ይጠወልግና ዘንጉ ማበጥ ይጀምራል፤ ከአራት እስከ አምስት ወርም ሲሞላው ለዚህ ሥራ ይደርሳል። ፍሬው ሳይከፈት ውስጡ ንጹሕ ስለ ሆነ ማጥራት የሚያስፈልገው ቅርፊቱን ብቻ ነው፤ በሳሙና ታጥቦ በተበረዘ በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይነከራል።

መዝሪያው ቦታ ነፋስ የሌለበት መሆን አለበት። መስኮት ተዘግቶ፥ ምንጣፍ ሳይጠረግ፥ በሁለት ወገን የእጅ ማስገቢያ የተበሳ ወለሉ ንጹሕ የሆነ ግልጽ ሣጥን ተዘጋጅቶ ውስጡ በበረኪና ውሃ ይረጫል። እጅ በጓንት፥ ቢላዋና ወረንጦም ከድስቱ ጋራ ተቀቅለው ይገባሉ። አንዳንድ ሰዎች በሣጥኑ ውስጥ አልኮል ረጭተው ሻማ ያበራሉ፤ ይህ ቤት የሚያቃጥል ድፍረት ስለ ሆነ ከቶ አይደረግ። በረኪናንም ከኮምጣጤ ወይም ከአሞንያ ጋራ ማቀላቀል መርዛም ትነት ያወጣልና ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ መጠንቀቅ ይገባል። ፍሬው ይሰነጠቃል፥ በቢላዋ ጫፍ ጥቂት ዘር ይወሰዳል፥ ወደ ጠርሙሱ ተራግፎ ክዳኑ ወዲያው ይዘጋል። በአንድ ጠርሙስ ዘር ማብዛት የስስት ሥራ ነው፤ ተጨናንቀው አንዱም አያድግም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ጠርሙሶቹ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ባለበት፥ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ብርሃን ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ የመታው ጠርሙስ እንደ ወጥ ይበስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ጠጕር ወይም ቢጫ ልጋግ የታየበት ጠርሙስ ተበላሽቷልና፥ አፉ ሳይከፈት እንደ ገና ተቀቅሎ ይታጠባል፤ ከፍተው ያሸተቱት እንደ ሆነ የሻጋታው ዘር በቤቱ ሁሉ ይበተናል። ከአሥሩ ጠርሙስ ጥቂቱ ቢበላሽ ሥራው ከሸፈ አይባልም፤ በብዙ ጠርሙስ የሚዘራውም ለዚሁ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሲሆን የሰናፍጭ ፍሬ የማያህሉ አረንጓዴ ድብልብሎች ይታያሉ፤ ሥርም ቅጠልም የላቸውም። ይህች ድብልብል ፕሮቶኮርም ትባላለች። ልጆች በየቀኑ ሊመለከቷት የሚፈልጓት እርሷን ነው፥ እኛም ልጆቹን አንነቅፍም። በአራተኛው ወር ገደማ ቅጠል ሲያወጡ በዚያው ጥንቃቄ ወደ ሌላ ጠርሙስ ተራርቀው ይዛወራሉ፤ ለዚህኛው ጠርሙስ በሊትር ከ50 እስከ 100 ግራም የተፈጨ ሙዝ ቢጨመር ችግኞቹ በግልጽ ይወፍራሉ።

በገበያ በወረቀት ታሽጎ፥ ሰማያዊ አበባ ተሥሎበት፥ በአፈር ላይ ተዘርቶ ይበቅላል እየተባለ የሚሸጥ የኦርኪድ ዘር አለ። እስካሁን የጻፍነውን ያነበበ ሰው ገንዘቡን እንደማይጥልበት እናምናለን።

ያገራችንንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በኢትዮጵያ ምድር የሚበቅሉት የኦርኪድ ዓይነቶች ከመቶ ይበልጣሉ። ከእነዚህም አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው፥ መጀመሪያ በሊቃውንት የተገለጸው ካገራችን በተወሰደ ናሙና ሲሆን፥ በዱር ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነጭ ኮከብ የመሰለ ጅራተ ረጅም አበባ ያወጣል፤ በሌሊት ለሚበርሩ የእሳት እራት ወገኖች ስለሚያብብ መዓዛውን የሚሰጠው ከመሸ በኋላ ነው። እንዲህ ያሉት ተክሎች በደቡብ ምዕራብ በኩል በቡና ጥላ ዛፎች ላይ ይኖራሉ፤ ዛፉ ሲቈረጥ ወይም ግንዱ ሲላጭ አብረው ይጠፋሉ። ከዱር ነቅሎ ወደ ከተማ ያመጣቸው ሰው ብዙውን ጊዜ በዓመቱ ያደርቃቸዋል፤ ከዱር የተነቀለ ኦርኪድ ድንበር እንዳይሻገርም በ1973 ዓ.ም. የተፈረመው፥ ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. የገባችበት ዓለም አቀፍ ውል ይቈጣጠረዋል። ይኸው ውል ግን በብልቃጥ ውስጥ ለበቀሉ የአብዛኞቹ ኦርኪዶች ችግኞች ነጻ መንገድ ሰጥቷቸዋል። ባለ ርስቱም ባለ ሥልጣኑም ከዛፉ ተክሊቱን ሳይነቅል፥ በተፈቀደ መንገድ አንድ ፍሬ ብቻ ቢያስመጣ፥ በወንበዴ እጅ ከሚመጣው ጆንያ ሙሉ ተክል የሚበልጥ ያገኛል።

ችግኞቹ ከተዘሩ ከዓመት ገደማ በኋላ ከጠርሙስ ይወጣሉ። የሚሞቱትም በዚህ ጊዜ ነው፤ ከእርጥብ አየር በድንገት ወደ ደረቅ ክፍል ይገባሉና። አጋሩ በለብ ያለ ውሃ ከሥሮቹ ላይ በሚገባ ይታጠባል፤ የቀረ ስኳር ካለ ሻጋታ ይጠራል። በደቀቀ የዛፍ ቅርፊት ላይ ብዙ ሆነው በአንድ ሸክላ ይተከሉና፥ ለጥቂት ሳምንታት በግልጽ ክዳን ተሸፍነው ክዳኑ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት ይከፈታል። ፋሌኖፕሲስ ከዚህ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቈይቶ ያብባል። ወላጆቹ የተለያዩ ከሆኑ ከአንድ ፍሬ የወጡት ወንድማማቾች መልካቸው አንድ ስለማይሆን፥ በየጠርሙሱና በየሸክላው ላይ የእናቱና የአባቱ ስም፥ የተዘራበትም ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። አንድ ፍሬ ቤቱ ከሚችለው በላይ ችግኝ ስለሚሰጥ፥ ትርፉን ለጎረቤትና ለዘመድ ማደል የሚሻለው በክዳን ሥር ሳሉ ሳይሆን አዲስ ሥር ካወጡ በኋላ ነው፤ ከስሙ ወረቀት ጋራ።