ኮንዶሙ ነው ወይስ ኪሱ?

ጥያቄ፦ አሶሳ ከተማ ባጃጅ የምነዳ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ከፍቅረኛዬ ጋር ያለ ኮንዶም ተገናኝተን አናውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ኮንዶሙ ተቀደደ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ስለሆነ ደጋግሞ መግዛት ያሳፍረኛል፤ አንዴ የገዛሁትን ለወራት በኋላ ኪሴ ይዤው ከረምኩ። እንዲለሰልስ ብዬም ቫዝሊን ቀባሁት። አሁን የወር አበባዋ ዘግይቶባት ታለቅሳለች። ሁለታችንም ደም ተመርምረን አናውቅም። ጓደኞቼ «ድሮም ኮንዶም ቀዳዳ አለው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ለቅሶውን አቁሙና ተያይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እሷ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ሁለታችሁም ለኤች አይ ቪ ተመርመሩ፤ ከአደጋው ሦስት ወር ሲሞላ ደግሞ ድገሙት። ውጤቱን ፈርቶ መቅረት አይጠቅምም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል።

ሌሎቻችሁም ልብ በሉ! ኮንዶም ከተቀደደ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። እርግዝናንም ቫይረሱንም የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

ወደ ወሬው እንምጣ። ኮንዶም ላቴክስ ከሚባል ስስ ላስቲክ ይሠራል። ቫይረሱም ሆነ የወንድ ዘር ያልተቀደደ ላቴክስ አልፎ አይሄድም። ፋብሪካው እያንዳንዱን በኤሌክትሪክ ፈትሾ ቀዳዳ ያለበትን ይጥላል። የላቴክስ ጠላቶች ሙቀት፣ ፍትጊያና ቅባት ናቸው። ኮንዶም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። አንተ ግን በሚያዝያ የአሶሳ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህበት ዋልክ! ቫዝሊን፣ ቅቤና ዘይት ደግሞ ላስቲኩን በደቂቃዎች ውስጥ ያደክሙታል። ማለስለሻ ካስፈለገ በውሃ የተሠራውን ከፋርማሲ ግዛ።

በትክክል ከሚጠቀሙ 100 ጥንዶች በዓመት የሚያረግዙት 2 ያህል ናቸው። እንደነገሩ ከሚጠቀሙት ግን ወደ 13 ይደርሳሉ። ልዩነቱ የአያያዝ ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ቀኑ አለማለፉን እይ። ማሸጊያውን በጣትህ ክፈት፤ ጥርስና ምላጭ አታስጠጋ። ብልት ከቆመ በኋላ፣ ከመነካካታችሁ በፊት፣ ጫፉን ቆንጥጠህ አየሩን አስወጣና እስከ ሥሩ ተርትረው። ሁለት መደረብ ክልክል ነው፤ ይፋተጉና ይቀደዳሉ። ስትጨርስ ሳይለሰልስ ሥሩን ይዘህ ውጣ፣ ጠቅልለህ ጣለው። አንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ኀፍረቱንስ? «ሕይወት ትረስት» እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየሱቁ ሲሸጥ ባለሱቁ ስንቱን አይቷል! ጎረቤትህን ካፈርክ ባጃጅህን አስነስተህ ሌላ ሰፈር ግዛ። ወይ እሷ ትግዛ፤ የሁለታችሁም ሕይወት ነውና። ዛሬ ግን ኮንዶሙን ተወውና ጤና ጣቢያ አድርሳት፤ ብቻዋን አትላካት።