እጅሽን ስታነሺ ወገብሽ ይቀድማል

ይድረስ በሙዋይለህ፣ በቀረው ሻርጃ፣ በዱባይና በአጅማን ለምትኖሪ እህቴ፤

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ወገብሽ ነው። በዕረፍት ቀን ስንገናኝ ከእህቶቻችን አፍ የማይጠፋው ቃል «ወገቤን» ነው። መስታወት ስትወለውይ፣ መጋረጃ ስትሰቅይ፣ ልብስ ስትተኩሺ የሚሠራ የሚመስለው እጅሽ ነው፤ ማታ የሚያቃስተው ግን ወገብሽ። ብዙዎቻችን መፍትሔውን ምንጣፍ ላይ ተጋድመን ሆድን ለብቻው በማሠራት እንፈልገዋለን። እኔ ግን ከእጅና ከትከሻሽ ጀምሪ እልሻለሁ።

ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ቆመው እጃቸውን በፍጥነት ሲያነሱ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንደሚሆን በቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ለኩ። ወገባቸው ጤነኛ በሆኑት ላይ፣ ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የያዘው ጥልቅ ጡንቻ ከትከሻው ጡንቻ ቀድሞ ተኮማተረ፤ እጁ ገና ሳይነሳ! ወገባቸውን በሚያማቸው ላይ ግን ዘገየ። መዘግየቱ ሕመሙን አምጥቶት ይሁን ሕመሙ መዘግየቱን፣ ጥናቱ አልፈረደም። እጅ ያለ ወገብ እንደማይነሳ ግን በግልጽ አሳየ።

አንድ እጅ ከሰውነታችን ክብደት 5 በመቶ ያህል ነው። 60 ኪሎ ከሆንሽ አንዱ እጅሽ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ወደ ፊት ስትዘረጊው ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ይስብሻል፤ እንዳትወድቂ ሆድና ጀርባሽ አስቀድመው ይጠብቁሻል። መዳፍሽ ላይ ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ሲጨመር ሥራው ይበዛል። በአንድ እጅ ብቻ ስትይዢው ደግሞ ወደዚያው ጎን ያዘነብልሻል፤ ተቃራኒው ጎን ይይዝሻል። ከዚህም በላይ ከክንድሽ አጥንት የሚነሳው ሰፊው የጀርባ ጡንቻ ቁልቁል እስከ ዳሌሽ ይወርዳል፤ አንድ ነገር ወደ ራስሽ ስትስቢ እጅና ወገብሽ አብረው ይሳባሉ።

ስለዚህ ጂም ከገባሽ የትከሻ ሥራሽን መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ብቻ አትጨርሺው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ክብደትን ከትከሻ ወደ ላይ መግፋትን መርምሮ፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻን ይበልጥ ለማሠራት ከመቀመጥ መቆም፣ ከሁለት እጅ አንድ እጅ ይሻላል ብሏል። ለጂም ገንዘብ ባይኖርሽም፣ አልጋ በአልጋ ላይ በተደራረበበት ክፍል ውስጥ እንኳ ሁለት እርምጃ ቦታ ይበቃሻል።

እግርሽን በዳሌሽ ስፋት ከፈት፣ ጉልበትሽን ላላ አድርጊ። ሃይላንዱን ትከሻሽ ላይ ያዢና አየር እያስወጣሽ በቀስታ ወደ ላይ ግፊው። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ደጋግመሽ እጅ ቀይሪ። ወገብሽ ወደ ኋላ መለጠጥ ከጀመረ ክብደቱ በዝቶብሻል፤ ቀንሺው። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ክብደትን ከራስ በላይ የመግፋት ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በኋላ የተሰረዘው፣ ተወዳዳሪዎች ወደ ኋላ እየተለጠጡ ስለሚገፉና ዳኞችም መፍረድ ስለተቸገሩ ነበር። ከሃይላንዱ ቀጥሎ በግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ አድርጊ፤ ሰውነትሽ ከራስሽ እስከ ተረከዝሽ ቀጥ ይበል።

እስክስታ የምትወርጂ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም። ትከሻ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ሥሩን የሚያጸናለት ወገብ ነው። በሠርግ ላይ ብቻ አታቆዪው፤ ከሥራ በፊት ለማሟሟቂያ ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ሕመሙ ወደ እግርሽ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝሽ ወይም እግርሽን የሚያዝልሽ ከሆነ ግን እንቅስቃሴውን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑን ሙሉ እጅ አንስቶ መዋል ስፖርት አይደለም፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሠርቶ ሲያርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው፣ በየቀኑም ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ ነው። ይህን መብትሽን እወቂ፤ አዲስ ለመጣችው እህትሽም ዛሬውኑ ንገሪያት።