በሰው ኮምፒውተር ለምትጽፉ አቻዎቼ

የደብረ ኤልያስ መምህራንና መሪጌቶች፣ ጡረታ የወጣችሁ አስተማሪዎችም፣ ነገሩ ከምክር ያለፈ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ብላችሁ ያዙልኝ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቃላችን የያዝነውን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀምረናል። አንዱ ከየኔታው አፍ የሰማውን የጉባኤ ቃናና የመወድስ ቅኔ፣ ሌላው የትውልድ ሐረጉን፣ ሌላው የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል። ደግ ሥራ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛዎቻችን የራሳችን ማሽን የለንም። በልጅ ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት፣ ብቻ በሰው ዕቃ ላይ ነው የምንቀመጠው። ባለቤቱም ፋይሉ እንዳይነካበት «ጌስት» (እንግዳ) በሚለው በኩል ያስገባናል።

በጌስት የገባ ሰው እንደ ማንም ይጽፋል፤ «ሴቭ» ሲል ፋይሉ ፊቱ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም። «ሎግ አውት» ብሎ ሲነሣ ግን ማሽኑ የጻፈውን ሁሉ ይደመስሰዋል። ይህን ብልሽት እንዳትሉት። ተከታዩ ሰው የቀዳሚውን ጉዳይ እንዳያይ ተብሎ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ለሚስጥር የታሰበው ጥበቃ ለእኛ ጥፋት ሆነ።

ኡቡንቱ የሚባለው በነጻ የሚታደል ሲስተም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ከነጌስቱ ሲመጣ ኖሯል፤ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም ይገኛል። የእንግዳውን ፋይል የሚያስቀምጠው በሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን በራሙ ላይ ነው። ራም ደግሞ መብራት ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል። መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ የመጻፊያው ፕሮግራም «ጽሑፉን ልመልስልህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ በራሳችሁ አካውንት ስትሠሩ ብቻ ነው፤ በጌስት ለማዳን የተቀመጠው ቅጂም አብሮ ይሄዳል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ብትፈልጉ የለም። ባለሙያ ብትጠሩም የሚፈልግበት ቦታ የለውም። አዲሶቹ የኡቡንቱ ቅጂዎች ጌስቱን አስቀርተውታል። ጌስቱ ከመቅረቱ በፊት በነበሩት በኋለኞቹ ዓመታት ስትገቡ «ስትወጡ ሁሉም ይጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር፤ እኛ ግን እንግሊዝኛውን ሳናነብ «ኦኬ» ተጭነን አለፍነው። በዚህስ ማንን እንከሳለን?

ልጆቻችን ከአሜሪካ የሚያመጡት ማክቡክም በጌስት የተሠራውን ሲወጡ ያጠፋል። ስልክም ይለያል ብላችሁ አትዘናጉ። በሰው አንድሮይድ የእንግዳ ገጽ ገብታችሁ የአንድ አረጋዊ መምህር ድምፅ ብትቀዱ፣ እንግዳው ሲሰረዝ ድምፁም ይሰረዛል።

ከሁሉ የሚከፋው በገዛ ስም ገብቶ እንግዳ መሆን ነው። ዊንዶውስ አንዳንዴ የሰውየው አካውንት ሲበላሽበት ጊዜያዊ ገጽ ከፍቶ ያስገባዋል። ምልክቱን ልብ በሉ፤ ትናንት የነበሩት ፋይሎች ዴስክቶፑ ላይ አይታዩም፣ ሁሉም ነገር አዲስ ይመስላል። የቀድሞው ሥራ ብዙ ጊዜ በቦታው አለ፤ የሚጠፋው በዚያ ባዶ ገጽ ላይ በዚያን ቀን የምትጽፉት ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ሳትጽፉ ውጡና ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ፤ ካልተመለሰ ባለሙያ ጥሩ። በኢንተርኔት ቤቶችም «ዲፕ ፍሪዝ» የሚባል ፕሮግራም ይጫናል። ማሽኑ በጠፋና በበራ ቁጥር ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ቫይረሱንም የእናንተንም ጽሑፍ አብሮ ይጠርጋል።

ይህን ያህል የማመርረው ስለ ቅኔው ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከቤተ ክህነት ትምህርታቸው የተወሰነውን የቀሰሙት በዚህችው በደብረ ኤልያስ ነው፤ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ ዲማ ጊዮርጊስም ሄደዋል። እዚህ አገር ባለቅኔ ለየበዓሉ አዲስ ይቀኛል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። ያልተጻፈው በሰሚው ጆሮ ብቻ ይኖራል፤ ሰሚዎቹ ደግሞ እኛ ነን፣ ቁጥራችንም እየሳሳ ነው። ሸምድዶ የያዘ ሰው «ተጽፏል» ብሎ ልቡን ካሳረፈ በኋላ ጽሑፉ ቢጠፋ፣ ከስምንቱ የመወድስ ቤቶች ስንቱን መልሶ ያስታውሳል?

የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሣት በ1973 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ፊልሙ በአዲስ አበባም በአሜሪካዋ ሚኒሶታም እንዲቀመጥ ተደርጓል። ዋናው ብራና ቢቃጠል፣ አንደኛው ፊልም ቢበላሽ፣ ሌላው አለ። እኛ ግን ብቸኛውን ቅጂ ለማናውቀው ማሽን ሰጥተን ቤታችን እንገባለን።

ስለዚህ ባለቤቱን አታፍሩት፤ «በስሜ አካውንት ክፈትልኝ» በሉት። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እምቢ ካለ፣ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ፍላሽ ሰክታችሁ ፋይሉን ከመጀመሪያው ቃል እዚያው ላይ «ሴቭ» አድርጉ። ስጨርስ እገለብጣለሁ ማለት አይበጅም፤ መብራቱ መጨረሳችሁን አይጠብቅም። ፍላሽም ይታመማል፤ ፋይሎቹ ወደ ሾርትከት ቢለወጡ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ደብቋቸው ነውና የዋህ ሰው «ፎርማት ላድርገው» ቢላችሁ አትፍቀዱለት። ኔትወርክ ባለ ቀን ሁለተኛውን ቅጂ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ፤ ስትነሡም ከሰው ማሽን ላይ ቴሌግራማችሁን ዝጉ።

በጌስት መሆናችሁን ያወቃችሁት ብዙ ከጻፋችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሎግ አውት አትበሉ፣ ማሽኑንም አታጥፉ። ፋይሉ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ፣ ፍላሹ ላይ ተከፍቶ፣ የመጨረሻውን መስመር በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ከወንበሩ አትነሡ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ መሰካቱንም እዩ።