«ጎበዝ ብትሆን ኖሮ ስሟን እናውቀው ነበር» ለምትሉ

ስለ ድሮ ፊልም ተዋናዮች በጻፍኩ ቁጥር አንድ አስተያየት አይጠፋም፦ «የተረሱት ጎበዝ ስላልሆኑ ነው።» ዛሬ ለዚህ አባባል መልስ አለኝ።

አሜሪካ ያላችሁ ኳርተራችሁን አገላብጡ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ከወጡት በአንዱ ላይ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ በአምፖል ተከባ የምታይ ሴት አለች። አና ሜይ ዎንግ ናት። ስንቶቻችን ስሟን ሳናውቅ ለፓርኪንግ ማሽን አጉርሰናታል!

በ1905 ሎስ አንጀለስ ተወለደች፤ አባቷ የልብስ አጠባ ቤት ነበራቸው። በ17 ዓመቷ በ1922 በተሠራው «ዘ ቶል ኦፍ ዘ ሲ» ላይ ዋናዋ ተዋናይት ሆነች። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ቀለሙም ከቀይና ከአረንጓዴ ብቻ የተቀመመ ነው። ልጅቷ ግን በፊቷ ብቻ ልብ ትሰብራለች።

ሆሊውድ ከዚያ በኋላ የሰጣት አገልጋይና ተንኮለኛ መሆንን ነው። ሰለቻትና በ1928 ወደ አውሮፓ ሄደች። ለንደን በተሠራው «ፒካዲሊ» (1929) የምሽት ክበብ ዕቃ አጣቢ ሆና ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስትጨፍር እዩዋት። አትቸኩልም፣ አትጮህም፤ ዓይን ግን ከእሷ አይነቀልም። በማስታወቂያው ቀዳሚዋ ኮከብ ጊልዳ ግሬይ ነበረች። ዛሬ ፊልሙ የሚታየው ለማን ተብሎ ነው? ለዕቃ አጣቢዋ!

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ኤም ጂ ኤም ስለ ቻይና ገበሬዎች «ዘ ጉድ ኧርዝ»ን (1937) ሲሠራ የሚስትየዋን ቦታ ፈለገች። ባልየውን ፖል ሙኒ ያዘው፤ ነጭ ነው። ሚስትየዋን ሉዊዘ ራይነር ተጫወተች፤ እሷም ነጭ ናት፣ ኦስካርም ወሰደች። ለአና ሜይ የቀረበላት ቤት የምታፈርሰው ቅምጥ መሆን ነበር። እምቢ አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ቻይናዊት ለመሆን እንኳ ቻይናዊት አልተፈለገችም። ይህ የችሎታ ማነስ ነው?

በሙያዬ መሐንዲስ ነበርኩ። ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ሳታገናኝ «አቅም የለውም» ብለህ ሪፖርት ብትጽፍ የሚስቁብህ ባንተ ነው እንጂ በሞተሩ አይደለም። «ዕድሉን ያገኙም አሉ» ትሉኛላችሁ። አዎ አሉ፤ ግን በሩን ጥቂቶች ማለፋቸው በሩ ክፍት እንደነበር አያረጋግጥም።

ይህን የምለው ለሲኒማ ብቻ አይደለም። የኛው ሰው ሻንጣ የሚያነሳውን፣ አረጋውያን የሚጦረውን ወገኑን አይቶ «ቢሆንለት ኖሮ እዚህ አይገኝም ነበር» ሲል እሰማለሁ። የሰውን ልክ በተሰጠው ቦታ የሚለካ፣ የሆሊውድን ስህተት በነፃ እየደገመ ነው።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላውን ተከታታይ ድራማ ትታችሁ «ፒካዲሊ»ን እዩ። ከዚያ በኋላ ጎበዝ አይደለችም የሚል ካለ፣ ከታች ይጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።