ምሰሶው ለምን ተነቃነቀ?



የቤት ምሰሶ ሲነቃነቅ ባለቤቱ ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ እንጨቱ በዘመን ብዛት አርጅቷል፥ ወይም ምስጥ በስውር በልቶታል። ምስጥ መሆኑን ሳይመረምር አዲስ ምሰሶ ቢተክል ግን አዲሱም ይበላበታል። የዛሬው ነገራችንም ይህንኑ ይመስላል፤ ይኸውም በሰው ሠራሽ የተተካ የዳሌ መገጣጠሚያ ላልቶ በዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ሲለወጥ፥ ያልታሰበ ባክቴሪያ በውስጡ ተሸሽጎ ስለ መገኘቱ ነው።

ዛሬ ለሚሠራበት የዳሌ ቅየራ መሠረቱ የተጣለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል ነው። ጆን ቻርንሊ የተባለው ሐኪም የብረት ራስ ከፖሊኤቲሊን በተሠራ ጽዋ ውስጥ እንዲዞር አድርጎ ሁለቱንም በሲሚንቶ ከአጥንት ጋር አያያዘ። ነገር ግን በመጀመሪያ ከመቶ ሕመምተኞች በሰባቱ ያህል መገጣጠሚያው ስላመረቀዘ፥ ቻርንሊ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል አየር እስከ ማጣራት ደረሰ። ከዚህና ከሌላውም ጥንቃቄ የተነሣ ቍጥሩ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ።

እንዲህም ሆኖ ጠላቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስና ኩቲባክቴሪየም አክነስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በቆዳችን ላይ አዘውትረው የሚኖሩ ናቸው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወደ ውስጥ ከገቡ ግን በብረቱና በፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በዚያ ሽፋን ተባብረው የሰውነትን መከላከያም መድኃኒትንም ይቋቋማሉ። ትኩሳት ላያስነሡ፥ መግልም ላያሳዩ ይችላሉ፤ የደም ምርመራውም ደኅና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ሲላላ ሐኪሙም ሕመምተኛውም «አርጅቶ ነው» ይላሉ።

ጠንቃቃ ሐኪም ግን በዚህ ብቻ አይረካም። በዳግመኛው ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከልዩ ልዩ ስፍራ አምስት ያህል የሥጋ ናሙና፥ ለእያንዳንዱ ንጹሕ መሣሪያ እየለወጠ ወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች አዝጋሚ ስለ ሆኑ ውጤቱ እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በሁለትና ከዚያ በላይ ናሙና ከበቀለ ምስጡ ተገኘ ማለት ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ናሙናው ሲወሰድ የገባ ሊሆን ስለሚችል፥ ሐኪሙ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ይመዝነዋል።

እንግዲህ ሕመምተኛው በምርኩዝ መራመድ ከጀመረ በኋላ ይህ ወሬ ሲደርስ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደነግጣል፤ «ደግሞ ሊቀደድ ነውን?» ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በ1996 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት፥ በዚህ መንገድ ሳይታሰብ ከተገኙት 31 ማመርቀዞች 28ቱ አዲሱ መገጣጠሚያ ሳይወጣ ለስድስት ሳምንት በደም ሥር በተሰጠ አንቲባዮቲክ መልካም ውጤት አግኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የተተካ ዳሌ ያለው አባት ወይም እናት «ያመኛል» ሲሉ በእርጅና አናሳብብ፤ ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው። ሁለተኛ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝተን አናውጣቸው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳያጠፋ በምርመራ እንዳይታይ ሊሸሽገው ይችላልና። ተወስዶም ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ይገባል። ሦስተኛ፥ ከዳግመኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ «ናሙና ተልኳልን? ውጤቱስ መቼ ይደርሳል?» ብለን እንጠይቅ፤ የታዘዘውንም መድኃኒት ሕመሙ ቀለለ ብለን ሳናቋርጥ እንፈጽም።

ምስጥ መገኘቱ ክፉ ወሬ ነው፤ ሳይገኝ መቅረቱ ግን የባሰ ነው።